የሚቀጠለው ፀጉርና የቆሼዋ ሳሎን



አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን ባለፈው የረጀብ ወር «አንድ ነገር ላማክርዎት» ስትል ሥራ ቦታዋ ድረስ አስጠራችን። ቦታው ቆሼ ነው። ከቀለበት መንገዱ ወረድ ብሎ ካሉት መንደሮች በአንደኛው፣ ከእናቷ ቤት ጋር በተያያዘች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታለች። በሯ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ወንድ አይገባም። አንድ ካስክ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስታወትና ጀበና የተጣደበት የከሰል ምድጃ፤ ሀብቷ ይኸው ነው። በዚህች ክፍል ገቢ እናቷንና ሁለት ታናናሾቿን ታስተዳድራለች።

ከተቀመጥን በኋላ አንድ ካርቶን ከፈተችልን። በውስጡ እንደ ጉጠት ያለች በኤሌክትሪክ የምትሞቅ መሣሪያ፣ ሌላ ተራ ጉጠት፣ የማስለቀቂያ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስና በጥንቃቄ የታሰረ ረጅም ጥቁር ፀጉር ነበረ። በእያንዳንዷ ዘለላ ጫፍ ላይ የማር ቀለም ያላት፣ የጥፍር ቅርጽ የያዘች ጠብታ ደርቃለች። አንድ የመርካቶ ነጋዴ በሦስት ቀን ውስጥ እንድትገዛ ወይም እንድትመልስ በእምነት ሰጥቷታል። ብትገዛው የደረሳትን እቁብ ከዳር እስከ ዳር ይበላል።

«ቲቸር፣ እርስዎ በሥራ ቀን ኬሚስትሪ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቁርኣን አስተምረውኛል። ሁለቱንም ይዘው ይመዝኑልኝ። ደንበኞቼ ይህን ፍለጋ ወደ ጀሞ እየሄዱብኝ ነው» አለችን።

«ሐራም ነው» ብለን ካርቶኑን መክደን እንችል ነበር። ነገር ግን የሌላውን እንጀራ በአንድ ቃል የሚቆርጥ ሰው ከራሱ እንጀራ አይጎድልበትም። እኛ ደግሞ ከዚህ በታች እንደምንገልጸው በዚህ ጉዳይ ላይ ቶሎ ለመፍረድ ብዙም አፍ የለንም። ስለዚህ ካርቶኑን ተሸክመን ወደ ቤታችን ሄድን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። «ኬራቲን» የሚለው ቃል በከተማችን ፀጉር ቤቶች ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ያገለግላል። አንደኛው ፀጉርን ለማለስለስ የሚቀባው ነው። ይህ ከያዝነው ጉዳይ ውጭ ቢሆንም ሳንናገር አናልፍም፤ ከእነዚህ ቅባቶች ብዙዎቹ በካውያ ሲሞቁ ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጋዝ ይለቃሉ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን ጋዝ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት «ፎርማልዲሃይድ የለበትም» ተብሎ ይሸጥ የነበረ አንድ የታወቀ ቅባት መርምሮ 12 በመቶ ፎርማልዲሃይድ አግኝቶበታል። መስኮት በሌላት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ይህን ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው ደንበኛዋ ሳትሆን ሠራተኛዋ ናት።

ሁለተኛው በካርቶኑ ውስጥ የነበረው ነው። ኬራቲን ማለት ፀጉራችን፣ ጥፍራችን፣ የበሬም ቀንድ የተሠራበት ፕሮቲን ነው። ያቺ የማር ቀለም ያላት ጠብታ በዚህ ስም ትጠራ እንጂ በገበያ ላይ ያለው ብዙው የናይለን ዘመድ ከሆነ ፖሊአሚድ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። በ200 ዲግሪ ገደማ ትለሰልሳለች፤ ከዚያ ከሴቲቱ ከራሷ ፀጉር ከሳሳ ዘለላ ጋር በጣት ትንከባለልና ስትቀዘቅዝ ትጠነክራለች። አንዷ ዘለላ 1 ግራም ያህል ትመዝናለች። ለሙሉ ራስ ከ100 እስከ 150 ያስፈልጋል፤ የሠለጠነ እጅ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል።

በሥራው ጥራት በኩል እውነቱን እንናገር፤ ያማረ ሥራ ነው። በመርፌ እንደሚሰፋው ወይም በሙጫ እንደሚለጠፈው አይደለም፤ ነፋስ ሲነካው ከራስ ፀጉር ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ሥሩ ላይ ምንም አያስታውቅም። ሴቶች ለምን እንደሚመኙት እናውቃለን።

የምናውቀውም አድርገነው ስለነበረ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለኒካሐችን ቀን አስቀጥለናል። ስማችንም ኡስታዛ ነበር፤ ሐዲሱንም ጠንቅቀን ቀርተነዋል፤ ለልጆችም አስተምረነዋል። ይሁን እንጂ ነፍስ ስትፈልግ ጠበቃ አታጣም፤ «የተከለከለው በመቋጠር መቀጠል ነው፤ ይህ ግን ማጣበቅ ነው» የሚል ክርክር ለራሳችን አቀረብን፤ ዳኛውም እኛው ነበርንና ተረታልን። ከአራት ወር በኋላ ሊነቀል ሲሄድ፣ ስሙን የማንጠራው ፀጉር ቤት ውስጥ ያለች ልጅ ፈሳሹን አንጠባጥባ ሳትጠብቅ በጉጠት ትስብ ጀመር። ዝም አልናት። ከሁለቱ ጆሮ ግንዶቻችን በላይ ያለው ፀጉር እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በሒጃብ ስለሚሸፈን ማንም አያየውም፤ ቤት ውስጥ ግን መስታወት አለ። ባለቤታችን (አላህ ይጠብቀውና) አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም፤ አለማንሳቱም ይሰማናል።

በዚያን ጊዜ ይህ ለምን እንደሚሆን አልገባንም ነበር፤ አሁን በወረቀት ላይ አስልተን ለተማሪያችን አሳየናት። ሰው ራሱ ላይ ወደ 100,000 ያህል ፀጉር አለው። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን ይረግፍበታል። በመቶ ቀን ከ5,000 እስከ 10,000 ማለት ነው። ከእነዚህ በጠብታዎቹ የተያዙት መውደቅ አይችሉም፤ እዚያው ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ስለዚህ በሚነቀልበት ቀን ጭብጥ ሙሉ ፀጉር ሲወርድ የምታይ ሴት ብትደነግጥም ከፊሉ ቀድሞም ሊወድቅ የነበረ ነው። ይህን ማወቅ ያጽናናል። የማያጽናናው ሌላው ነው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ጠብታዋ በአራት ወር ከሥሩ 4 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች፤ በራቀች ቁጥር ትወዛወዛለች፣ ከጎረቤቷ ጋር ትጠላለፋለች፤ በውስጧ በሥሩ የቀረው ፀጉር በየቀኑ እየቀነሰ ያንኑ 1 ግራም ይሸከማል። ይህ የማያቋርጥ መጎተት ሥሩን እያቆሰለ ሄዶ በመጨረሻ ጠባሳ ያደርገዋል፤ ጠባሳ ላይ ደግሞ ፀጉር አይበቅልም። በመጀመሪያ የሚሸነፈው በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ስስ ፀጉር ነው። ሐኪሞች ይህን በመጎተት የሚመጣ መመለጥ በጊዜ ከተደረሰበት ይመለሳል ይላሉ። ቆሼ ለሚኖር ሰው የቆዳ ሐኪም ሩቅ አይደለም፤ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል እዚያው ሰፈር ነው። ሴቶቻችን ግን «ለፀጉር ብሎ ሆስፒታል ይኬዳል እንዴ?» እያሉ ጊዜው ያልፍባቸዋል፤ እኛም ከእነሱ አንዷ ነበርን።

ወደ ሸሪዓው ስንመጣ ነገሩ የተደበቀ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፀጉር የምትቀጥለውንም፣ ቀጥሉልኝ የምትለውንም መርገማቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ለተማሪያችን ያሳሰብናት ነጥብ ይህ ነው፤ እርግማኑ ደንበኛዋን ብቻ ሳይሆን ባለሙያዋንም ስሟን ጠርቶ ያነሳታል። ዑለማእ የተለያዩት በምን መቀጠል ነው በሚለው ላይ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን ሐዲስ ይዘው ምንም ነገር አይቀጠል ያሉ አሉ። ለይስ ኢብን ሰዕድ ክልከላው ለፀጉር እንጂ ለሱፍና ለጨርቅ አይደለም ብለዋል። ሰዒድ ኢብን ጁበይርም ከሐር ወይም ከሱፍ ክር የሚጎነጎነውን ቀራሚል የተባለውን ችግር የለውም ብለዋል። በሀገራችን በስፋት ከሚቀሩት መዝሀቦች የሻፊዒ ሊቃውንት ንጹሕ ከሆነ እንስሳ የተገኘውን ባሏ ለፈቀደላት ሴት የፈቀዱ አሉባቸው፤ ሐነፊዮችም ከሰው ባልሆነው ላይ ገር ናቸው። የሰው ፀጉር ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ይከለክላሉ። የሐነፊዮች ምክንያት ልብ የሚነካ ነው፤ የሰው ልጅ አላህ ያከበረው ፍጡር ስለሆነ አካሉ እንደ ዕቃ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላሉ።

የትጥበትም ነገር አለ። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ለጀናባ ትጥበት ሹሩባዋን መፍታት እንደማያስፈልጋት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነግሯታል። ይህ ሴቶችን ከብዙ ድካም ያሳረፈ ረሕመት ነው። ሆኖም ውሃ በሚዘልቀው ሹሩባና ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ መካከል ልዩነት አለ። ያውም በ120 ቦታ፣ ለአራት ወር። ደግሞም ጠብታዋ እውነተኛ ኬራቲን ከሆነችም ከየትኛው እንስሳ እንደተገኘች ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም።

በሁለተኛው ማታ በወጥ ቤታችን ውስጥ ትንሽ ሙከራ አደረግን። አንድ ፀጉር መዝዘን በክብሪት ስናቃጥለው የቀንድ ሽታ ሸተተ፤ በጣት ሲታሽም ዱቄት ሆነ። የሰው ፀጉር ነው ማለት ነው፤ ሰው ሠራሹ ቢሆን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቅ ነበር። ጠብታዋን ስናሞቃት ግን እንደ ናይለን ክር ተመዘዘች። ቀጥሎ ዘለላውን ከጫፍ ወደ ሥር በጣታችን ስንሰድ በሁለቱም በኩል እኩል ለሰለሰ። ይህ ጥሩ ይመስላል፤ አይደለም። የተፈጥሮ ፀጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት ወደ አንድ በኩል የተኛ ሽፋን ስላለው ወደ ላይ ሲሳብ ይሻክራል። ሽፋኑ በአሲድ ተልጦ በሲሊኮን የተቀባ ፀጉር ግን በሁለቱም በኩል ያንሸራትታል፤ ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ሲሊኮኑ ይለቅና እንደ ሱፍ ይቋጠራል።

ሽፋኑ ለምን ይላጣል? ከብዙ ራሶች የተለቃቀመ ስለሆነ ነው። በዓለም ገበያ ውዱ ፀጉር ከአንድ ራስ በአንድ ጊዜ የተቆረጠው ነው። ከዚህ ብዙው በደቡብ ህንድ በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ስእለታቸውን ለማድረስ ራሳቸውን ከሚላጩ ምእመናን የሚመጣ ነው፤ ቤተ መቅደሱ በጨረታ ይሸጠዋል፤ የተላጩት ከገንዘቡ አይደርሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአይሁድ ረቢዎች ይህ ፀጉር ከጣዖት አምልኮ የመጣ ነው ብለው ሲከለክሉ በኒውዮርክ ብሩክሊን ሴቶች ዊጎቻቸውን አደባባይ አውጥተው አቃጥለዋል። ርካሹ ፀጉር ደግሞ ከማበጠሪያ ላይ የተለቀመ ነው። በህንድ መንደሮች ዕቃ እየሰጡ በምትኩ ከማበጠሪያ የተሰበሰበ ፀጉር የሚወስዱ አዟሪዎች አሉ። በየሰፈራችን «ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩትን አስቡ። ከዚያም ሴቶች መሬት ተቀምጠው በጣታቸው ይፈቱታል፤ ብዙው በቻይና ሄናን ግዛት ሹቻንግ በተባለች ከተማ ወዳሉ ፋብሪካዎች ይሄዳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአሜሪካ ጉምሩክ ከሺንጂያንግ የመጣ 13 ቶን ያህል የፀጉር ምርት በግዳጅ ሥራ የተመረተ ነው በሚል ጥርጣሬ ይዟል። ሺንጂያንግ የኡይጉር ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን አገር ነው። በካርቶናችን ውስጥ ያለው ከየት እንደመጣ ነጋዴውም አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ካርቶኑን ይዘን ቆሼ ስንደርስ ተማሪያችን ደንበኛ ይዛ ስለነበር እናቷ ዘንድ ተቀመጥን። እኚህ እናት ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከቆሻሻው ክምር ላይ ፕላስቲክና ብረት ለቅመው ለምናለሽ ተራ ነጋዴዎች በመሸጥ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች በሞቱበት ጊዜ ጎረቤቶቻቸውን አጥተዋል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ክምሩ አልወጡም። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ወር ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ሲመረቅ እንኳ ሊያዩት እንዳልሄዱ ነግረውናል።

ካርቶኑን ከፍተን ፀጉሩን አሳየናቸው። በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እዚያ ላይ ፀጉር ስናገኝ አንነካም ነበር» አሉን። «ፌስታሉን እንወስድና ፀጉሩን እዚያው አፈር እናለብሰዋለን። የማን እንደሆነ አይታወቅማ። ሰው ነው እኮ።»

ቀጥለውም «ይህን ያህል ለማስረዘም ስንት ዓመት ይፈጃል?» ሲሉ ጠየቁን። ግማሽ ሜትር ስለሆነ አራት ዓመት ገደማ አልናቸው። «አይ ልጄ! ምን ቢቸግራት ነው?» አሉና ወደ ጀበናቸው ተመለሱ። እኛ ሦስት ቀን ሙሉ ክብሪትና ወረቀት ይዘን ስንመራመር ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅንም ነበር።

ለተማሪያችን የመዘንነውን ሁሉ ዘርዝረን ነገርናት። አንድም አልተከራከረችንም። ሲያልቅ ግን «እሺ ቲቸር፤ የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያስ?» አለች። ዲኑንም ሳይንሱንም ይዘን መጥተን ለዚህ የሚሆን መልስ አልያዝንም ነበር። አብረን ደብተር አውጥተን ማስላት ጀመርን። በዓመቱ ውስጥ ይህን ሥራ የጠየቋት ስንት ናቸው? በጣቷ ስትቆጥር ሰባት ሆኑ። ከሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ ዋጋውን ሲሰሙ ይቀራሉ አለች። የፀጉሩ ቀለምና ርዝመት ከደንበኛዋ ጋር ካልገጠመ አይመለስም። በግማሽ ራስ ላይ መብራት ቢጠፋስ? በአንጻሩ ሌላ ቦታ አስቀጥለው መንቀል ሲያቅታቸው ወደ እሷ የሚመጡ፣ እስካሁን «አላውቅበትም» እያለች የምትመልሳቸው፣ በወር ሦስትና አራት ናቸው። ይህን ራሷ ስትናገረው ራሷ ቀና አለች።

መንቀል መቀጠል አይደለም። የሚፈልገው ጠርሙሱንና ተራውን ጉጠት፣ ከሁሉ በላይ ትዕግሥትን ነው፤ ጠብታዋን ማራስ፣ መጠበቅ፣ በቀስታ ጨመቅ አድርጎ መሰንጠቅ፣ በራሷ ጊዜ እስክትንሸራተት መተው፣ ተንጠልጥሎ የቀረውን ፀጉር ከጫፍ ጀምሮ ማበጠር። እኛ ላይ ያልተደረገውን ሁሉ ነገርናት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እንደ አልኮል የሚቀጣጠል ስለሆነ የከሰል ምድጃው ከክፍሏ መውጣት አለበት ስንላትም እናቷ ሳይጠየቁ ተነስተው ጀበናውን ከነምድጃው ወደ ደጅ አወጡት።

በዚህ መካከል አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ልጅቱ ሻሿን ስትፈታ ያየነው አሳዘነን። ከሦስት ወር በፊት ታይፎይድ አሟት ነበር፤ ፀጉሯ ሳስቶ የራስ ቆዳዋ ይታያል። ኒካሐዋ ሸዕባን ውስጥ፣ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እናትየው ካርቶኑን አዩና «ይኸው! ይህንን ነው የምንፈልገው፤ የጠየቅሽውን እንከፍላለን» አሉ።

ተማሪያችን ወደ እኛ ዞረች። ያን ጊዜ ትዝ ያለን አንድ ሌላ ሐዲስ ነው። ከአንሷር ወገን የሆነች አንዲት ልጅ ተዳረች፤ ታመመችና ፀጉሯ ረገፈ፤ ቤተሰቦቿ ሊቀጥሉላት ፈልገው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ፤ አልፈቀዱም። ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስቀርተናል! ልጅቱ ከፊታችን ተቀምጣ ስናያት ግን ምላሳችን ከበደ። ጤነኛ ፀጉር ይዘን ለአንድ ቀን ድምቀት ያንን ያደረግን እኛ፣ ታማ ለተነሳች ልጅ ይህን የምንነግራት በምን አፋችን ነው?

ዝምታውን የሰበረችው ራሷ ልጅቱ ነች። «እማዬ፣ አውቀዋለሁ፤ ሐዲሱን ቀርቼዋለሁ» አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። እኛም አጠገቧ ተቀምጠን የምናውቀውን ነገርናት። ከከባድ ትኩሳት በኋላ በሁለትና በሦስት ወሩ የሚረግፍ ፀጉር ሥሩ አልሞተም፤ በአላህ ፈቃድ ይመለሳል። አሁን በተዳከመው ላይ 120 ግራም ብናንጠለጥልበት ግን ሊመለስ የነበረውን ልናስቀርባት እንችላለን። ጆሮ ግንዳችንንም ገልጠን አሳየናት። ከባለቤታችን በቀር ለማንም አሳይተን አናውቅም ነበር።

እናትየው ረጅም ጊዜ ተመለከቱን። ከዚያ «እንግዲያስ ምን ይሁን?» አሉ።

ተማሪያችን ከመሳቢያዋ ጥቁር የሱፍ ክር አወጣች። ሹሩባ በክር ከእናቷ የተማረችው ሥራ ነው፤ ፋሽኑ አልፎበታል ብላ ትታው ነበር። ክሩ ቀላል ነው፤ ክርነቱም አይደበቅም፤ ማንንም አያታልልም። ለኒካሐው ቀን እንደገና እንደምትሠራላት ቃል ገብታ፣ እንዴት እንደሚሆን ለማየት የዚያኑ ዕለት ሞከረችው። ሥሩን ሳትወጥር፣ ግንባሩን ሳትነካ ስትጎነጉን አራት ሰዓት ፈጀባት። እኛ ክሩን እየለካን እንቆርጥ ነበር። ዐስርን እዚያው በየተራ ሰገድን።

ልጅቱ መስታወት ሲሰጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞር ዞር ብላ አየች። «የአያቴን ይመስላል» አለችና ሳቀች። እናትየው የሹሩባውን ዋጋ ከፈሉ፤ የተለመደው ዋጋ ነው።

ካርቶኑን ተማሪያችን በማግሥቱ ራሷ ወደ መርካቶ ወስዳ መለሰችው። ጠርሙሱንና ተራውን ጉጠት ብቻ ገዝታ አስቀርታለች።